ገበያ ሲቀዘቅዝ የድርጅት መሪ ራሱን በምን ይጠብቅ? ሰባት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ለባለድርጅት ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ ቢሾፍቱ ሄደው ትንሽ እንዲተነፍሱ ይነግርዎታል፣ ሌላው ጸበል ይመክራል፣ ሦስተኛው ሐኪም ያማክሩ ይላል፣ አራተኛው ደግሞ በማለዳ ተነስተው እንዲሮጡ ይወተውታል። ሁሉም ከቅን ልብ ነው። ነገር ግን በዚህ ወቅት ጊዜም ገንዘብም የተመጠነ ነው፤ ያለችውን ጥቂት አቅም በማይሆነው ላይ ያፈሰሰ ሰው ወደሚሆነው ለመሄድ ጉልበት አይተርፈውም። ይህ መመሪያ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምርጫውን ለማቅለል የተዘጋጀ ነው።

የምጽፈው በተለይ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች አነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ለሚመሩ ሰዎች ነው፤ ደመወዝ ከፋዩም፣ ባንክ ፈራሚውም፣ ለደንበኛ ይቅርታ ጠያቂውም እነሱ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ መጀመሪያ የተጨነቁት እነዚህ ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃ በድሮው ዋጋ ሸጠው በአዲሱ ዋጋ መተካት ያቃታቸው ብዙ ናቸው። በሀገር ደረጃ ዕድገት ተመዝግቧል ቢባልም፣ ትእዛዝ ለቆመበት የፈርኒቸር አምራች ገበያው ቀዝቅዟል።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ትልቁ መመዘኛ አማራጩ የትኛውን ሸክም ያነሳል የሚለው ነው። በመሪ ላይ የሚወድቀው ሸክም አራት ዓይነት ነው፦ ድካም፣ ብቸኝነት፣ ግራ መጋባት እና ሕመም። አራቱም እንቅልፍ ይነሳሉ፤ አራቱም ቁጡ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ግራ የተጋባን ሰው ዕረፍት አይፈውሰውም፤ የታመመን ሰው የጓደኛ ጨዋታ ብቻውን አያድነውም። ብዙ ሰው አማራጭ ሞክሮ «ምንም አልጠቀመኝም» የሚለው ሸክሙን ሳይለይ ስለመረጠ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። ከውጭ የሚመጡ የአመራር ምክሮች ይህንን ነገር እምብዛም አያነሱትም፤ እኛ ዘንድ ግን ወሳኝ ነው። መርካቶ ውስጥ «እገሌ ተጨናንቋል» የሚል ወሬ ከተነሳ ዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ በማግስቱ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቀን የሰጠው አበዳሪም ቀኑን ያሳጥራል። ስለዚህ ሸክምዎን የሚያካፍሉት ሰው በእርስዎ መቆም ወይም መውደቅ ገንዘቡ የሚነካ ሰው መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ወጪ ነው፤ በብር ብቻ ሳይሆን በሰዓትም። አራተኛው ለውጡ በስንት ጊዜ ይታያል የሚለው ነው። አምስተኛው ደግሞ ጽናቱ ነው፦ ወሩ በጣም ሲከፋ አማራጩ አብሮ ይቆማል ወይስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው?

ቁጥሩን ማጥራት

ራስን ስለመጠበቅ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ሂሳብን ማስቀደሜ ግር ሊያሰኝ ይችላል። የማስቀድመው አምኜበት ነው።

የአንድ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት ማታ ሠራተኞቹን ሸኝቶ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ያስቡ። የቼክ ጉርዶች አሉ፤ ዱቤ የተመዘገበበት ጠርዙ ያለቀ ደብተር አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ሦስት ቀኖቹ በእስክሪብቶ ተከበዋል። ወደፊት ቀን ተጽፎባቸው የተሰጡ ቼኮች የሚደርሱባቸው ቀኖች ናቸው። ከደንበኛ የሚጠበቀው ገንዘብ ልኩ የተጻፈው የትም አይደለም፤ ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚደምረው ያንን ነው፤ በደመረው ቁጥርም ድምሩ ይለያይበታል። ይህ ሰው ጭንቀታም ሆኖ አልተፈጠረም፤ ያልተጻፈ ሂሳብ በቃሉ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ነው።

ፍርሃቱም መሠረት አለው። በባንክ ሂሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ (ገንዘብ) ሳይኖር ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 ያስጠይቃል፤ የማታለል ሐሳብ ከተረጋገጠና ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ንግዱን በግል ስሙ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ ለድርጅቱ ዕዳ በግል ንብረቱም ይጠየቃል። ቤቱን መያዣ አድርጎ ለተበደረ ሰው የሱቁ ጭንቀት ከሱቁ ጋር ተቆልፎ አያድርም።

የሚሠራው መሣሪያ የ13 ሳምንት የገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ 13 ሳምንታት በተርታ ይጻፋሉ፤ በየሳምንቱ በእርግጥ የሚገባው ገንዘብ፣ የሚወጣው ገንዘብና ቀሪው ይሰፍራል። «ይከፍለኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚባለው ገንዘብ በገቢው ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ይቀመጣል። ሰኞ ሰኞ ይታደሳል። የሚጎድለው በስድስተኛው ሳምንት መሆኑን ያወቀ ሰው አቅራቢውን ዛሬ ደውሎ ቀን ማስለወጥ ይችላል፤ ቼኩ ባንክ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ልመናና ከአንድ ወር በፊት የሚደረግ ድርድር ክብራቸው እኩል አይደለም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ለራስ የተወሰነ ደመወዝ መቁረጥ ነው፤ ትንሽም ቢሆን። ከመሳቢያ እየተነሳ የሚሄድ የአስቤዛ ገንዘብ ድርጅቱንም ቤቱንም ያደናግራል፤ ባልና ሚስትንም ያጋጫል።

ወጪው የአንድ የሂሳብ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ክፍያ ነው። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ሥልጠናና ማማከር ስለሚሰጥ እዚያ መጠየቅም ይቻላል። ዕዳው ከአቅም በላይ መሆኑ ከታየ ደግሞ ጠበቃ ያማክሩ፤ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ድርጅት ከመክሰሩ በፊት ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን እንደገና የሚያደራጅበት ሥርዓት አስቀምጧል። ይህንን ሳያውቁ ሱቃቸውን ቆልፈው የሚሰወሩ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

የዚህ አማራጭ ድክመት ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ መጥፎ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የዛለ ሰውነትንም አያሳርፍም።

የሙያ አቻዎች

ደመወዝ መክፈያ ቀን ሲቃረብ ሆድ እንዴት እንደሚንቦጫቦጭ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። ለሚያውቅ ሰው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። በየሁለት ሳምንቱ የሚገናኙ ሦስት ወይም አራት ባለድርጅቶች፣ ከቡናው ዋጋ በቀር ወጪ የሌለበት ትልቅ ድጋፍ ናቸው፤ ለብቸኝነት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

አመራረጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የዕቁብ ጓደኞቹን ነው። ዕቁብ ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን፣ ምንም ያህል ደግ ቢሆኑ፣ የእርስዎ መክፈል መቻል በቀጥታ ይመለከታቸዋል፤ ዕጣ አስቀድመው የወሰዱ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። በዚያ ወንበር ላይ «ተቸግሬያለሁ» ማለት ምስጢር ማካፈል መሆኑ ይቀርና ዋስ የሚያስጠራ ጉዳይ ይሆናል። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለ ጎረቤትም ተወዳዳሪ ነው። የተሻለው ከሌላ ዘርፍና ከሌላ ሰፈር መምረጥ ነው፦ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ፣ የክሊኒክ ባለቤት፣ የትምህርት ቤት ሥራ አስኪያጅ። እርስ በርስ አይሻሙም፣ አይበዳደሩም፤ ችግሩ ግን ያው ነው።

አንድ ደንብ ከመጀመሪያው ይቀመጥ፦ በዚህ ስብስብ ውስጥ ብድር አይጠየቅም። ብድር የገባበት ቀን ጨዋታው ይቀየራል።

የነፍስ አባት፣ ሽማግሌና የቤት ሰው

የነፍስ አባት፣ ኢማም ወይም ፓስተር ዘንድ መሄድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወሩ ሲከፋም የሚሰረዝ ነገር አይደለም። ውርደት ለሚሰማው ሰው፣ «ሠራተኛ ቀንሼ የሰው እንጀራ ቆረጥኩ» በሚል ጸጸት ለሚሠቃይ ሰው፣ ይህ በር ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል። ሂሳብ አዋቂም ሐኪምም የማይነኩት ቁስል ስላለ። የማኅበር ጽዋ፣ ሰንበቴና የዓርብ ሶላት ደግሞ ሰውን ከነሥራው ሳይሆን በስሙ ብቻ የሚያውቁ ቦታዎች በመሆናቸው ያሳርፋሉ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ጸበል ስለጀመሩ ብቻ አያቋርጡ፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ የሚጠራው ለማስታረቅ ከሆነ ጉዳዩ ከአንድ ጆሮ በላይ እንደሚሰማ ይወቁ።

የትዳር ጓደኛን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ቤቱ መያዣ ከሆነ ባለቤትዎ ማወቅ አለባት፤ ወይም አለበት። ከባንክ በሚመጣ ማስጠንቀቂያ ከሚሰማ ከእርስዎ አፍ ቢሰማ ይሻላል። ነገር ግን ከማውራትዎ በፊት ሠንጠረዡን በእጅዎ ይያዙ። «ምን እንደምሆን አላውቅም» የሚል ወሬ ቤቱን ያሸብራል፤ «እስከ የካቲት መጨረሻ እንቸገራለን፣ ያሰብኩትም ይህንን ነው» የሚል ንግግር ግን አጋር ያደርጋል።

ሥራ የሚቀበል ምክትል

ችግር ሲመጣ የብዙ መሪዎች የመጀመሪያ ስሜት ሁሉንም በእጅ መያዝ ነው። ወጪ ለመቀነስ ገንዘብ ያዡን ያሰናብቱና ራሳቸው ገንዘብ ይይዛሉ፣ ዕቃ ግዢውንም ይወስዳሉ። በሦስተኛው ወር በቀን አሥራ አራት ሰዓት እየሠሩ መወሰን የሚገባቸውን አይወስኑም።

አዲስ ሰው መቅጠር አያስፈልግም። ካሉት ሠራተኞች መካከል ለታመነው አንድ ሰው ሦስት ነገሮችን ሙሉ በሙሉ መስጠት ይበቃል፤ ለምሳሌ የዕለት ርክክብን፣ የአቅራቢ ስልክንና የሠራተኛ ፈቃድን። ለሥራው ጥቂት የኃላፊነት አበል ይጨመርለት። ፍሬው የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ሥራ ይጨምራል። የሚከሽፈውም በአብዛኛው ባለቤቱ ሥራውን ሰጥቶ ሥልጣኑን ስለሚያስቀር ነው።

ዕረፍት

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። የሥራ መሪን ግን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ባለቤት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቀው አለቃ የለውም። ስለዚህ መሪ ራሱ ካላረፈ ይህ አዋጅ አያሳርፈውም።

ዕረፍት ለድካም እንጂ ለግራ መጋባት አይበጅም። ሂሳቡን ሳያጠራ ላንጋኖ ሦስት ቀን የከረመ ሰው ሦስቱንም ቀን ስልኩን ይዞ ውሃው ዳር ይመላለሳል፤ ገንዘቡንም አውጥቶ አላረፈም። ቁጥሩን ላወቀ ሰው ግን በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ ስልክ ለምክትል ተሰጥቶ፣ ከረጅም ጉዞ ይበልጣል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ እንጦጦ ፓርክ ወይም ፍል ውሃ ይበቃል።

ሰውነትን መያዝ

እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የሚታወቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ለእንቅልፍ ደግሞ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልጋል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሽ ኃይሉ ማታ ሦስት ሰዓትም አለ። ጫት ለማምሸት፣ አልኮል ለመተኛት የሚወሰዱ ከሆነ ሁለቱም የእንቅልፍን ጥራት ያበላሻሉ። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን መግዛት ደግሞ አደገኛ ነው፤ አንዳንዶቹ ሱስ ያስይዛሉ።

የደም ግፊትዎን ግን ይለኩ። ግፊት በአብዛኛው ምልክት የለውም፤ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት።

ባለሙያ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመዘግብ ሦስት ገጽታዎች ሰጥቶታል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እና የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ ቢስ መስሎ መታየት። ድርጅቱ በሽታ አላለውም። ድብርት ግን በሽታ ነው፤ ይታከማል። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ቀላል መነሻ አለ፦ ሐዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ከሥራ ውጭም ከቀጠለ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ያግዛል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም መድኃኒትም ያዝዛል። አማኑኤል ሆስፒታል በዚህ ሙያ አንጋፋው ነው። በስሙ የሚሸማቀቅ ሰው ካለ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ በር ላይ ሲገቡ የታዩ እንደሆነ ለምን እንደመጡ ማንም አያውቅም። የግል ክሊኒክ ወጪው ከፍ ይላል። በምስጢር ረገድ ይህ አማራጭ ጠንካራ ነው፤ የሙያ ምስጢር ማውጣት በሕግ ያስቀጣል።

አንድ ነገር ከንጽጽሩ ውጭ ነው። «ብሞት ዕዳው ያበቃል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ አንዴም ቢሆን፣ ሠንጠረዥም ዕረፍትም አይመረጥም። ለአንድ ለሚያምኑት ሰው በዚያው ቀን ይንገሩ፤ ብቻዎን አይደሩ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዕዳ ድርድር ያውቃል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚያነሳው ሸክም | ምስጢር | ወጪ በብር | ጊዜ የሚወስደው | ለውጥ የሚታይበት | በከፋ ወር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቁጥር ማጥራት | ግራ መጋባት | ጥሩ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መጀመሪያ ጥቂት ቀን፣ ከዚያ በሳምንት 1 ሰዓት | በቀናት | ይበልጥ ያስፈልጋል |
| የሙያ አቻዎች | ብቸኝነት | በአመራረጡ ይወሰናል | የቡና | በሁለት ሳምንት 2 ሰዓት | በመጀመሪያው ስብሰባ | ይቆያል |
| የነፍስ አባት፣ የቤት ሰው | ብቸኝነት፣ ጸጸት | ጥሩ፤ ሽምግልና ሲሆን ይቀንሳል | የለም | እንደ ፍላጎት | ወዲያው | ይቆያል |
| ምክትል | ድካም | መካከለኛ | የአበል ጭማሪ | መጀመሪያ ብዙ | ከ1 እስከ 2 ወር | ቀድሞ ከተጀመረ ይቆያል |
| ዕረፍት | ድካም | ጥሩ | ከምንም እስከ ከፍተኛ | በሳምንት 1 ቀን | በሳምንታት | ቀድሞ ይሰረዛል |
| ሰውነትን መያዝ | ድካም፣ ከፊል ሕመም | ጥሩ | የለም | በቀን ግማሽ ሰዓት | በሳምንታት | በጓደኛ ከሆነ ይቆያል |
| ባለሙያ | ሕመም | በጣም ጥሩ | ከዝቅተኛ (መንግሥት) እስከ ከፍተኛ (ግል) | በሳምንት 1 ሰዓት ገደማ | በሳምንታት | ማቋረጥ አይገባም |

ለማን የቱ ይሻላል?

ምንም ትርፍ ገንዘብ ለሌለው፦ ሠንጠረዡን በራስ እጅ መሥራት፣ አንድ ከሌላ ዘርፍ የሆነ አቻ መፈለግ፣ ከእሱ ጋር ማለዳ መራመድ። ይህ የአቻ ጨዋታንና የአካል እንቅስቃሴን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገናኛል፤ ብቻውን የሚራመድ ሰው ዝናብ ሲጥል ይቀራል፣ ሰው የሚጠብቀው ግን ይወጣል። በዚህ ወቅት አዲስ ዕቁብ አይግቡ፤ በየሳምንቱ የሚጠብቅ አንድ ተጨማሪ ቋሚ ክፍያ ነው።

ጥቂት ገንዘብ ያለው ከሆነ መጀመሪያ የሂሳብ ባለሙያ፣ ቀጥሎ የምክትሉ አበል። ለመዝናኛ ጉዞ የታሰበው ብር እዚህ ላይ ቢውል የተሻለ ያሳርፋል ባይ ነኝ፤ ጉዞው ምክትሉ ሥራውን ከለመደ በኋላ ይመጣል።

ሠራተኛ በቅርቡ ያሰናበተ መሪ ገንዘብ ቢኖረውም ባይኖረውም ከነፍስ አባቱ ወይም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ይጀምር። ይህ ሸክም በሂሳብ አይቃለልም። የተሰናበቱት ሰዎች ስልክ ሲደውሉ ማንሳት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን ሳይጎተት መስጠት፣ የሚገባቸውን ክፍያ በሰዓቱ መጨረስ ለእነሱ ግዴታ ነው፤ ለመሪውም ሌሊቱን ያቀልለታል።

ሕመም የሚጠረጥር ሰው፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ የቀረውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ከባለሙያ ይጀምር። ሌሎቹ አማራጮች ከሕክምናው ጋር ይደመራሉ።

ቦርድ ያለው ወይም ከፍ ያለ ድርጅት ከሆነ ጉዳዩ ለሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ብቻ አይተው። ቦርዱ የዓመት ፈቃዱን በቃለ ጉባኤ ያስይዝ፤ ባንክ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ይሰይም፤ የሕክምና ሽፋኑ የአእምሮ ጤናን ይጨምር እንደሆነ የኢንሹራንስ ውሉን አንብቦ ያጣራ። ሁለተኛ ፈራሚ በሌለበት ድርጅት ሥራ አስኪያጁ አንድ ሳምንት ቢታመም ደመወዝ ይቆማል፤ ይህንን የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ታሞም ቢሮ ይገባል።